ገቢ ሲያድግ ቁጠባ ለምን አብሮ አያድግም?

ደመወዝ በጨመረ ማግስት ብዙ ቤተሰቦች አንድ ዓይነት ነገር ያስተውላሉ። ለጥቂት ወራት እጅ ሰፋ ያለ ይመስላል፤ ብዙም ሳይቆይ ግን የወሩ መጨረሻ እንደ ቀድሞው ይጠባል። ቤቱ ተሻሽሏል፣ ልጆች ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛውረዋል፣ የእጅ ስልኩም አዲስ ነው። በባንክ ሒሳቡ ውስጥ ያለው ገንዘብ ግን ከዓመት በፊት ከነበረው እምብዛም ፈቅ አላለም።

ይህ የአዲስ አበባ ደመወዝተኛ ብቻ ገጠመኝ አይደለም። የናይሮቢ የቢሮ ሠራተኛም፣ ቡናው ጥሩ ዋጋ ያወጣለት ገበሬም፣ በሪያድ ወይም በቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ወጣትም ይጋሩታል። ገቢ ያደገው በብዙ ድካም ነው፤ ሕመም፣ ከሥራ መሰናበት ወይም የቤት ኪራይ ጭማሪ ሲመጣ ግን ቤተሰቡን የሚደግፍ ጥሪት አይገኝም።

የምጣኔ ሀብት ጥናቶችም ሆኑ የአካባቢው የቁጠባ ልማዶች ወደ አንድ ነጥብ ያመለክታሉ። የገቢ ጭማሪን ዕጣ የሚወስነው የጭማሪው መጠን ብቻ አይደለም። ገንዘቡ ኪስ ከመግባቱ በፊትና በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራት የሚደረግለት ድልድልም ወሳኝ ነው።

ወጪ ገቢን ለምን ይከተላል?

እንግሊዛዊው የታሪክ ምሁርና ጸሐፊ ሲሪል ኖርዝኮት ፓርኪንሰን እ.አ.አ. በ1960 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ወጪ ገቢ እስከደረሰበት ድረስ እየተከተለ እንደሚያድግ አስፍረዋል። የትችታቸው ዋና ዒላማ የመንግሥታት አወጣጥ ነበር፤ ሆኖም ሐሳቡ በግለሰብ ኪስም እንደሚሠራ አሳይተዋል።

ከእርሳቸው አስቀድሞ አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ጄምስ ዱዘንቤሪ እ.አ.አ. በ1949 ሁለት ምክንያቶችን አቅርበው ነበር። የመጀመሪያው ሰው ወጪውን የሚመዝነው በገቢው ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያሉ ሰዎች ከሚያወጡት ጋር እያነጻጸረ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ አንድ ጊዜ የተለመደን የኑሮ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ከፍ ከማድረጉ እጅግ የሚከብድ መሆኑ ነው።

የአማርኛ ተረትና ምሳሌ ይህንን ፈተና ከሁለቱም ወገን ያውቀዋል። “እንደ ቤቴ እንጂ እንደ ጎረቤቴ አልኖርም” የሚለው ከፉክክር ይከለክላል። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚለው ደግሞ ባለቀን ቀኑ ሳያልፍ እንዲበላ ይጎተጉታል። ገቢው ያደገ ሰው በእነዚህ ሁለት ድምፆች መካከል ይቆማል።

በዚህ መካከል መለየት ያለበት ትልቁ ነገር የወጪው ዓይነት ነው። ለአንድ ቀን ግብዣ ወይም ለአንድ ልብስ የወጣ ገንዘብ ከዚያ ቀን አያልፍም። ከፍ ያለ የቤት ኪራይ፣ ውድ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ነዳጅና ጥገና የሚጠይቅ መኪና ግን በየወሩ ተመልሰው የሚመጡ ግዴታዎች ናቸው። ጭማሪን ጠራርገው የሚወስዱት ብዙውን ጊዜ ትንንሽ ደስታዎች ሳይሆኑ እንዲህ ያሉት በጥድፊያ የሚገቡባቸው ቋሚ ወጪዎች ናቸው።

ጭማሪው በእርግጥ ጭማሪ ነው?

ገንዘቡን ከመደልደል በፊት ምን ያህሉ እጅ እንደሚገባ ማወቅ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ከፍተኛው የደመወዝ ገቢ ግብር ምጣኔ 35 በመቶ ሲሆን፣ ሠራተኛው ከመነሻ ደመወዙ 7 በመቶ ለጡረታ ያዋጣል። ደመወዙ ቀድሞውኑ ከፍተኛው እርከን ላይ ለደረሰ ሠራተኛ 5,000 ብር ቢጨመርለት፣ 1,750 ብር ለግብር፣ 350 ብር ለጡረታ ተቀንሶ የሚደርሰው 2,900 ብር ነው። በ5,000 ብር ላይ ተመሥርቶ የታቀደ ወጪ ገና ከጅምሩ ጉድለት አለበት ማለት ነው። የጡረታ መዋጮው ግን የጠፋ ገንዘብ አይደለም። አሠሪው 11 በመቶ የሚጨምርበት፣ በግዴታ የሚደረግ የረጅም ጊዜ ቁጠባ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የዋጋ ንረት ነው። በኢትዮጵያ ዓመታዊው የዋጋ ንረት እ.አ.አ. በ2022 ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ የነበረ ሲሆን፣ በ2025 አጋማሽ ከ15 በመቶ በታች ወርዷል። ንረቱ ቀነሰ ማለት ዋጋ ወደ ቀድሞው ተመለሰ ማለት አይደለም፤ የሚጨምርበት ፍጥነት ቀነሰ ማለት ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም፣ 58 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ተሻግሯል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ዋጋ በ15 በመቶ ሲያድግ ደመወዙ በ10 በመቶ ብቻ ያደገለት ሠራተኛ፣ በወረቀት ላይ ገቢው ቢጨምርም በገበያ ላይ አቅሙ ቀንሷል።

ሦስተኛው ጥያቄ ገቢው ዘላቂ ነው ወይስ አላፊ የሚለው ነው። ሚልተን ፍሪድማን እ.አ.አ. በ1957 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ኑሯቸውን የሚመሠርቱት ወደፊት እናገኘዋለን ብለው በሚጠብቁት ዘላቂ ገቢ ላይ መሆኑን አስረድተዋል። የደረጃ ዕድገት ብዙውን ጊዜ ዘላቂ ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የውሎ አበል፣ የአንድ ፕሮጀክት ገቢ ወይም የአንድ ምርት ዘመን ጥሩ ዋጋ ግን ሊያልፍ ይችላል። እ.አ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአረቢካ ቡና በዓለም ገበያ ከፍተኛ የዋጋ ክብረ ወሰን ላይ ደርሶ ነበር፤ ቡና የሚያመርት ቤተሰብ ግን የወጣ ዋጋ እንደሚወርድ ካለፉት ዘመናት ያውቃል። አላፊ ገቢን በቋሚ ግዴታ ማሰር ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው። እንዲህ ያለው ገንዘብ ዕዳ ለመክፈል፣ ጥሪት ለመያዝ ወይም ሌላ ገቢ የሚያስገኝ ንብረት ለመግዛት ይመረጣል።

ስሌቱ ምን ይላል?

በወር 20,000 ብር የተጣራ ገቢ ያለው፣ 18,000 ብር አውጥቶ 2,000 ብር የሚቆጥብ አንድ ቤተሰብ እንውሰድ። ገቢ ቢቋረጥ ለሦስት ወር የሚያቆይ ጥሪት ለመያዝ 54,000 ብር ያስፈልገዋል። ከዜሮ ቢነሳ ይህን ለማጠራቀም 27 ወር ይፈጅበታል።

ገቢው ወደ 30,000 ብር አደገ እንበል። ቤተሰቡ እንደ ልማዱ 10 በመቶውን፣ ማለትም 3,000 ብር ቢቆጥብና 27,000 ብር ቢያወጣ፣ የሚቆጥበው ገንዘብ የጨመረ ይመስላል። የሦስት ወር ወጪው ግን አሁን 81,000 ብር ስለሆነ፣ ጥሪቱን ለመሙላት አሁንም 27 ወር ይፈጅበታል። ገቢው በግማሽ ቢያድግም ወደ ዋስትና አንዲት ቀን እንኳ አልቀረበም።

ይኸው ቤተሰብ የ10,000 ብሩን ጭማሪ እኩል ቢያካፍለው ወጪው 23,000 ብር፣ ቁጠባው 7,000 ብር ይሆናል። ኑሮው በ5,000 ብር ተሻሽሎም የሦስት ወር ጥሪቱን 10 ወር ባልሞላ ጊዜ ይይዛል።

የዋጋ ንረት ሲታከል ስሌቱ ይለወጣል። በዚያው ዓመት ዋጋ በ15 በመቶ ቢጨምር፣ የቀድሞውን ኑሮ ሳያሻሽሉ ለማቆየት ብቻ 2,700 ብር ይሄዳል። እውነተኛው ጭማሪ 7,300 ብር ነው። እርሱን እኩል በማካፈል 3,650 ብር ለኑሮ መሻሻል፣ 3,650 ብር ደግሞ ለተጨማሪ ቁጠባ ቢመደብ፣ ጥሪቱ በ13 ወር ገደማ ይሞላል።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ቀላል ነው። የአንድን ቤተሰብ ዋስትና የሚለካው ገቢው ራሱ ሳይሆን በገቢውና በወጪው መካከል ያለው ርቀት ነው። ይህ ርቀት ሊሰፋ የሚችልበት ዋነኛው ጊዜ ደግሞ ገቢ የሚያድግበት ወቅት ነው።

በሌሎች አገሮች በስፋት የሚጠቀሱ ቀመሮች አሉ። አሜሪካዊቷ ኤልዛቤት ዋረንና ልጃቸው እ.አ.አ. በ2005 ያስተዋወቁት፣ ከተጣራ ገቢ 50 በመቶውን ለአስፈላጊ ወጪ፣ 30 በመቶውን ለፍላጎት፣ 20 በመቶውን ለቁጠባና ለዕዳ የሚመድበው ድልድል ከእነዚህ አንዱ ነው። ምግብና ኪራይ ብቻ አብዛኛውን ገቢ በሚወስዱባቸው የአፍሪካ ቀንድ ከተሞች ይህን እንዳለ መተግበር ለብዙዎች አይቻልም። ለእነርሱ የሚቀለው ሙሉውን ገቢ እንደ አዲስ ከመሸንሸን ይልቅ ጭማሪውን ብቻ ማካፈል ነው።

ውሳኔው ከክፍያው ይቅደም

የጠባይ ምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ሪቻርድ ቴለርና ሽሎሞ ቤናርትዚ ይህንኑ ሐሳብ በተግባር ፈትነውታል። እ.አ.አ. በ1998 በአንድ የአሜሪካ ፋብሪካ በተጀመረው መርሃ ግብራቸው፣ ሠራተኞች ዛሬ እንዲቆጥቡ አልተጠየቁም። ወደፊት ደመወዝ በተጨመረላቸው ቁጥር የቁጠባ ድርሻቸው አብሮ እንዲያድግ ግን አስቀድመው ተስማሙ። እ.አ.አ. በ2004 በታተመው ውጤት መሠረት፣ የተሳታፊዎቹ አማካይ የቁጠባ ምጣኔ በ40 ወራት ውስጥ ከ3.5 በመቶ ወደ 13.6 በመቶ አድጓል። ቴለር እ.አ.አ. በ2017 በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ዘዴው የሠራበት ምክንያት እጅ ያልገባ ገንዘብ ሲቀነስ እንደ ጉዳት ስለማይሰማ ነው። ለዚህ የሚሆን መንገድ በአካባቢውም አለ። በኢትዮጵያ በብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚገኙ የሠራተኞች የቁጠባና ብድር ማኅበራት፣ በኬንያ ደግሞ ሳኮ የሚባሉት ተመሳሳይ ማኅበራት፣ መዋጮውን ከደመወዝ ላይ በቀጥታ ያስቀንሳሉ። ባንኮችም በደመወዝ ቀን የተወሰነ ገንዘብ ወደ ሌላ ሒሳብ እንዲያዛውሩ ቋሚ ትእዛዝ ይቀበላሉ። ጭማሪው በተነገረበት ሳምንት፣ የመጀመሪያው ክፍያ ከመድረሱ በፊት፣ ይህን ትእዛዝ ማሻሻል ከብዙ የወር መጨረሻ ትግል ያድናል።

ቋሚ ደመወዝ ለሌላቸውም ተስፋ ሰጪ ማስረጃ አለ። ፓስካሊን ዱፓና ጆናታን ሮቢንሰን እ.አ.አ. በ2013 ያሳተሙት የምዕራብ ኬንያ ጥናት፣ ቁልፍ ያለው ተራ የብረት ሣጥን የተሰጣቸው ሰዎች ለጤና የሚያውሉት ገንዘብ እንደጨመረ አሳይቷል። ቁልፉ በራሳቸው እጅ ነበር። ሣጥኑ የረዳቸው ለገንዘቡ ዓላማ ስለሰጠው፣ ለሚጠይቃቸው ሰው እምቢ ማለትንም ስላቀለለላቸው ነበር።

ዘመድ፣ ጎረቤትና ገቢ

እምቢ ማለት በዚህ ክፍለ ዓለም ቀላል ጉዳይ አይደለም። የአንድ ሰው ገቢ ማደጉ ሲሰማ የታናናሾች የትምህርት ክፍያ፣ የወላጆች መድኃኒት፣ የዘመድ ሠርግና የመንደር መዋጮ አብረው ይመጣሉ። በደቡብ አፍሪካና በኬንያ ያሉ ወጣት ሠራተኞች ይህንን “ብላክ ታክስ” ይሉታል።

ጉዳዩን እንደ ሸክም ብቻ ማየት ግን ስህተት ነው። የሥራ አጥነት ድጎማ በሌለበት አገር ቤተሰብ የመጀመሪያው ኢንሹራንስ ነው። ዛሬ የሚረዳ ሰው ትናንት ተረድቶ የተማረ ሊሆን ይችላል፤ ነገም ተረጂ ሊሆን ይችላል። ችግሩ የሚፈጠረው እርዳታው መጠንና ጊዜ ሳይኖረው፣ ጥያቄ በመጣ ቁጥር ከተገኘበት ሲወሰድ ነው። ለወላጆች በየወሩ የሚላክ የታወቀ መጠን፣ ለድንገተኛ ችግር የተለየ አነስተኛ ጥሪት፣ ለለቅሶ ደግሞ በዕድር መታቀፍ፣ ለሰጪውም ለተቀባዩም የሚጠበቀውን ግልጽ ያደርጋል።

ጉዳዩ በተለይ ጎልቶ የሚታየው ወደ ዐረብ አገሮች ለሥራ በሚሄዱ ሰዎች ላይ ነው። ገቢያቸው በኮንትራት ዘመን የተገደበ ነው፤ የፍሪድማን አላፊ ገቢ ማለት ይህ ነው። ያገኙትን ሁሉ ልከው ገንዘቡ በአገር ቤት ለዕለት ፍጆታ ካለቀ፣ ሲመለሱ ከዜሮ ይጀምራሉ። ስለዚህ ከሚላከው ውስጥ የተወሰነው በላኪው ስም በተከፈተ ሒሳብ መቀመጡ ራስ ወዳድነት አይደለም። የተመላሹ የነገ ሥራ መነሻ ነው።

ገንዘቡ የት ይቀመጥ?

መቆጠብ ከተወሰነ በኋላ የሚከተለው ጥያቄ ቦታ ነው። በቤት የሚቀመጥ ጥሬ ገንዘብ ከስርቆትና ከእሳት በተጨማሪ ሌላ አደጋም አለበት። ኢትዮጵያ መስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶችን ስትቀይር አሮጌውን ኖት ለመለወጥ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ብቻ ነበር። ሱዳን ውስጥ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ሲቀሰቀስ ደግሞ የካርቱም ባንኮች ተዘጉ፣ ተዘረፉም፤ ብዙ ነዋሪዎች ለዕለት ፍላጎታቸው በስልክ በሚላክ ገንዘብ ላይ ተመኩ። ሁለቱ አጋጣሚዎች የሚያስተምሩት ሁሉንም ገንዘብ በአንድ ቦታና በአንድ መልክ አለማስቀመጥን ነው።

የባንክ ቁጠባ ለድንገተኛ ጥሪት ተመራጭ ነው፤ በተፈለገ ጊዜ ይገኛልና። ለረጅም ጊዜ ግን ይሸረሸራል። በኢትዮጵያ ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ እንዲሆን ተደርጓል። ዋጋ በ30 በመቶ ባደገበት ዓመት በዚህ ወለድ የተቀመጠ 100,000 ብር በዓመቱ መጨረሻ 107,000 ብር ቢሆንም፣ የመግዛት አቅሙ በዓመቱ መጀመሪያ ከነበረው 82,000 ብር ገደማ ጋር ይስተካከላል።

ዕቁብ የራሱ ጥበብ አለው። አሥራ ሁለት ሰዎች በየወሩ 5,000 ብር ቢጥሉ፣ ባለዕጣው በአንድ ጊዜ 60,000 ብር ይወስዳል። በሶማሊያ ሃግባድ፣ በሱዳን ሰንዱቅ፣ በኬንያ ቻማ የሚባሉት ልማዶች ከዚህ ጋር ይዛመዳሉ። የዕቁብ ትልቁ ኃይል ማኅበራዊ ግፊቱ ነው፤ ለዳኛውና ለጸሐፊው በየቀኑ ወይም በየወሩ መጣል የማይታለፍ ግዴታ ይሆናል። ይሁን እንጂ መጀመሪያ የወጣለት ሰው ወለድ የሌለው ብድር ሲያገኝ፣ መጨረሻ የሚወጣለት ወለድ የሌለው ቆጣቢ ነው። የዋጋ ንረት በበረታ ጊዜ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ገንዘቡ የወሰደ ሰው መክፈሉን እንዳያቋርጥ ጠንካራ ዋስ መጠየቅም ግድ ይላል።

ከጥሪት በላይ የሆነው ገንዘብ ዋጋውን ሊጠብቅ ወደሚችል ንብረት ቢሄድ ይመከራል፦ ለሥራ የሚሆን መሣሪያ፣ ለቤት ቁጠባ ወይም አክሲዮን። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ እ.አ.አ. በጥር 2025 ተመርቋል። አክሲዮን ግን ዋጋው ሊወርድ፣ በፈለጉት ቀንም ላይሸጥ ይችላል። ስለዚህ ነገ ለሚያስፈልግ የቤት ኪራይ የሚቀመጥ ገንዘብ በአክሲዮን መልክ አይያዝም።

ብድርም ከገቢ ጋር ያድጋል

ገቢ ሲያድግ አበዳሪዎች የሚፈቅዱት የብድር መጠንም ያድጋል። በኬንያ እ.አ.አ. በ2012 የተጀመረው ኤም-ሽዋሪ ቁጠባንና አነስተኛ ብድርን በስልክ አጣምሮ አቅርቧል። በኢትዮጵያም ቴሌብር እ.አ.አ. በ2021 ሥራ ከጀመረ በኋላ በዓመቱ የቁጠባና የብድር አገልግሎቶችን ጨምሯል። አገልግሎቱ ለአጭር ችግር ይጠቅማል። በየወሩ ደመወዝ ከመድረሱ በፊት መበደር ልማድ ሲሆን ግን ጭማሪው ገና ሳይመጣ ተበልቷል ማለት ነው። ወለዱና የአገልግሎት ክፍያው ከቁጠባ ወለድ የሚበልጥ ዕዳ ያለበት ሰው፣ ትንሽ መጠባበቂያ ይዞ በጭማሪው ዕዳውን መክፈሉ ከመቆጠብ የተሻለ ትርፍ ያስገኝለታል።

ቁጠባ ሲበዛስ?

ሚዛን ማለት ሁሉንም ማስቀመጥ አይደለም። ጭማሪውን በሙሉ የሚቆጥብ ሰው ለጥቂት ወራት ይጸናል፤ ከዚያም ብዙ ጊዜ በአንድ ትልቅ ወጪ የያዘውን ሁሉ ይበትናል። የዘገየ ሕክምና፣ የተተወ የሙያ ሥልጠና፣ ከሥራ ቦታ እጅግ የራቀ ርካሽ ቤት፣ ቁጠባ መስለው ዋጋ የሚያስከፍሉ ጊዜያት አሉ። ጤናን፣ ዕውቀትንና ጊዜን የሚገዛ ወጪ ራሱ ለነገ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል።

በተጨማሪም ቁጠባን የሚያፈርሱት ብዙ ወጪዎች ድንገተኛ አይደሉም። ዕንቁጣጣሽና የትምህርት ቤት ምዝገባ በየዓመቱ በአንድ ሰሞን እንደሚመጡ፣ ፋሲካና ኢድ በግ እንደሚጠይቁ የታወቀ ነው። የዓመቱን እንዲህ ያለ ወጪ ለ12 አካፍሎ በየወሩ ማስቀመጥ እውነተኛው ጥሪት ሳይነካ እንዲቆይ ያደርጋል።

አዲስ ቋሚ ግዴታ ከመግባት በፊት ሦስት ወር መቆየትም ቀላል መፈተኛ ነው። ወደ ውድ ቤት ለመዛወር ያሰበ ቤተሰብ የኪራዩን ልዩነት ለሦስት ወር በየወሩ ወደ ቁጠባ ቢያስገባ፣ አቅሙ መሆን አለመሆኑን ሳይፈርም ያውቃል። ከቻለ፣ ሲዛወር በእጁ የሦስት ወር ልዩነት ይኖረዋል። ካልቻለም ያስቀመጠው ገንዘብም የቀድሞ ቤቱም በእጁ ናቸው።